የአያቴ ካፖርት

የጃንሆይ ወታደር የነበሩት አያቴ ከትምህርት ቤት ሊወስዱኝ የሚመጡት ከዘመቻ ለብሰውት የተመለሱትን ካፖርት ደርበው ነበር። ጓደኞቼ የተጣጣፈ ክርኑን እያዩ ይስቁብኛል። እኔ ነውረኛዋ፣ ካፖርቱን ምስማር ላይ ሰቅለው በወጡበት «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ልብስ በዕቃ ለሚለውጠው ሰውዬ ሰጥቼ አንዲት ባለአበባ ብርጭቆ ተቀበልኩ። አልጋ ስር ደበቅኳት። አያቴ ካፖርቱን ፈልገው ሲያጡት «ሌባ ገብቶ ነው» አልኳቸው።

በሳምንቱ ከአያቴ ጋር መርካቶ ውስጥ አንድ ተሸካሚ ለብሶት አገኘነው። አንቀው ፖሊስ ሊጠሩበት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጠጋ ብለው የአንገቱን ቁልፍ ቆለፉለት።

«እንዲህ ነው የሚለበስ ልጄ፤ ብርድ ደረትህን ይመታሃል» አሉት።

ቤት ገብተው ቁጭ ሲሉ፣ «በይ በዚያች አልጋ ስር ባለችው ብርጭቆሽ ውሃ ስጪኝ» አሉኝ።