የወናፍ ቆዳ ያደሰው ድምፅ

ለፋሲካ ልጄ ትርሲት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ስጦታ ይዛልኝ መጣች። ብርቱካን የምታህል፣ ሽቦ የሌላት፣ ከስልክ ጋር በአየር የምትነጋገር የድምፅ ማጉያ ናት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስልኳን ነካ ስታደርግ ቤቱ በዘፈን ሞላ። ድምፁ ከመጠኗ በላይ መሆኑን አልክድም። ከዚያ ዞር ብላ የሳሎኑን ጥግ የያዙትን ሁለት ትልልቅ የእንጨት እስፒከሮች ተመለከተችና፣

«አባዬ፣ እንግዲህ እነዚህን ቁም ሳጥኖች ያውጧቸው። ቦታው ለሶፋ ይሆናል» አለችኝ።

«ቁም ሳጥን አይደሉም።»

«ያው ነው። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ።»

«በዕድሜ ከአንቺ የሚበልጥ ሁሉ ይውጣ ካልሽ፣ እኔና እናትሽም ጓዛችንን እንጠቅልላ!»

እናቷ ከጓዳ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ልጆቼን ሳሳድግ ቀልድ አላበዛሁም፤ ይህንንም ለቀልድ አልተናገርኩትም። አሮጌ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው የምል ሰው አይደለሁም። አሮጌ ጫማ ጥያለሁ፤ አሮጌ ልማድም ጥያለሁ። እነዚህን ሳጥኖች ግን አልጥልም። ምክንያቱን ለልጄ በቃል ብነግራት ስልኳን እየነካካች ስለምትሰማኝ፣ ቁጭ ብላ እንድታነበው እጽፈዋለሁ።

በወጣትነቴ ላሊበላ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የአባቴ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ፤ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች እኔም «የኔታ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ጆሮዬ ጥሩ ነበር። ድምፄ ግን በጉርምስና ከጎረነነ ወዲህ አልተመለሰም፤ ከአፌ የሚወጣው ዜማ ጆሮዬ የሚያውቀውን አልመስል አለ። በቅጡ ማዜም ካልቻልኩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ማስመሰልን አልፈለግሁምና ትምህርቱን ትቼ መጋዝ ያዝኩ። ትክክል ያደረግሁ ይመስለኛል። አባቴ ግን ይህን አልረሱልኝም። እኔም «የኔታ» ማለቱን ትቼ እንደማንኛውም ልጅ «አባዬ» እላቸው ጀመር።

አንድ ቀን የአንድ ሆቴል በር ልጠግን ሄጄ ሳለ ከውስጥ የመሰንቆ ድምፅ ሰማሁ። እስከዚያ ቀን ዘፈን የማውቀው ከትንሽ ራዲዮ ነበር፤ ጣሳ ውስጥ እንደታፈነ ንብ ማለት ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። የደጋኑ ጭራ የመሰንቆውን ጭራ ሲነካ፣ ድምፁ ገና ከመውጣቱ በፊት ያለችው ሻካራ ነገር ሳትቀር ትሰማለች። መዶሻዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የሚሰማው ከእነዚህ ከሁለቱ ሳጥኖች ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያው ሆቴል ዕቃውን ሲለውጥ ሳጥኖቹን ከጓሮ ተጥለው አገኘኋቸው። አንድ ክረምት ዝናብ ወርዶባቸዋል። ዘበኛውን ስጠይቀው፣ «እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ለማገዶ ውሰደው» አለኝ። በአህያ ጭኜ ቤት አስገባኋቸው።

ስከፍታቸው ጉዳቱ ገባኝ። በእያንዳንዱ ሳጥን ፊት ለፊት ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የገባ ጥቁር ወረቀት አለ። ወረቀቱን ዙሪያውን ከብረቱ ጋር ያያዘው ስፖንጅ ነበር፤ እሱ ተበልቶ፣ ስነካው እንደ አመድ በጣቴ ላይ ቀረ። ከላይ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ደግሞ ጭራሽ አትናገርም። ከተገለበጠ መኪና የወጣ ቴፕ ነበረኝ፤ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቼ ሞከርኩት። ጊዜው ዐቢይ ፆም ገብቶ ነበርና ያስገባሁት የበገና ካሴት ነው።

አባቴ ከደጅ ሰምተው ገቡ።

«ምንድን ነው የሚያጓራው?»

«በገና ነው አባዬ።»

«በገና እኔ አውቃለሁ። ይህ የታመመ በሬ ነው።»

«አርጅቶ ነው፤ ይጠገናል።»

አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሲቆጡ ድምፃቸው አይጨምርም፤ ይቀንሳል።

«ፈንታው፣ ዜማውን ትተህ ስትሄድ ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ ውሸት ከቤቴ አስገባህ። ድምፅ ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት ነው። እስከ ሆሳዕና ድረስ ይህ ነገር የሰማውን እንደሰማው ካልተናገረ፣ አንተም ሳጥንህም ከዚህ ቤት ትወጣላችሁ።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ጉልበት ስሞ ይለምን ነበር። እኔ፣ «ይናገራል» አልኳቸው። እንዴት እንደሚናገር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ኮን ገበያ ላይ ራዲዮ የሚጠግን ሙሄ የሚባል ሰው እንዳለ ሰምቼ ነበርና በጭነት መኪና ተነሣሁ። የሳጥኖቹን የውስጥ ዕቃ በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ። በመንገዳችን ጋሸና ላይ ያለውን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አያውቅም፤ ነፋሱ ከታች ከገደሉ ተነሥቶ በእጅጌ ይገባና በአንገት ይወጣል። ኮን ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ትኩስ ድንች በአዋዜ መብላት ነው። እስከ ዛሬ ያንን የሚያህል ድንች አልበላሁም።

ሙሄ የሞቱ ራዲዮኖችን ከኋላው ቆልሎ ተቀምጧል። ጥቅልሉን ፈታሁለት።

«ይህን ሬሳ ተሸክመህ ከላሊበላ ድረስ መጣህ?» አለኝ። «እዚያ ቀባሪ ጠፋ?»

«ቀባሪማ ሞልቷል። የጠፋው የሚያስነሳ ነው።»

ሳቀና ዕቃውን አገላበጠው። «ይኸውልህ፣ ይህች ኮንደንሰር ናት። በረኛ በላት። ቀጭኑን ድምፅ ወደ ትንሿ ታሳልፋለች፤ ወፍራሙን ትመልሳለች። ስታረጅ ትደርቃለች። የአንተዋ ደርቃ በሩን ዘግታ ተኝታለች።» ከሙታኑ መካከል ሁለት ራዲዮ መርጦ ከሆዳቸው ደህና ኮንደንሰር ነቅሎ በየዋየሩ በየዳቸው። የሚንገዳገድ የጠረጴዛ እግር ነበረው፤ እሱ ሲበይድ እኔ እግሩን አጠበቅሁለት።

«ስፖንጁንስ?» አልኩት።

«እሱ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። እርሳው።»

«አልረሳውም።»

«ወላሂ፣ እንግዲያው ከሰማይ ይውረድልህ!»

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ቆዳ ነው። ለቅበላ ያረድናት ግልገል ፍየል ቆዳ ቤት ነበረ። ብራና መፋቅ ደግሞ አባቴ አስተምረውኛል። ቆዳውን ዘፍዝፌ፣ በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ ፀሐይ አሳልፎ እስኪያሳይ ፋቅሁት። ዙሪያውን በልኩ ቆርጬ በኮላ አጣበቅሁት። ሥራው ያምር ነበር። ባትሪውን አገናኘሁና ካሴቱን አስገባሁ።

ትንሿ ተናገረች። የሙሄ እጅ ይባረክ፣ የጅማቶቹ ንዝረት ጥርት ብሎ ይሰማል። ትልቁ ግን ወፍራም ድምፅ የለውም፤ በገናው ሆዱን አጥቶ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቷል። የላላ መስሎኝ ነቅዬ የባሰ ወጠርኩት። የባሰ ቀጠነ። ሦስተኛም ወጠርኩት። እኛ አገር ስለ ቆዳ የምናውቀው ይኸው ነው፤ ከበሮም ሆነ ብራና በጠበቀ ቁጥር ይሻላል።

አባቴ በደጅ ሲያልፉ ቆሙ። ላያናግሩኝ ቆርጠው እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ጆሯቸው ግን አሸነፋቸው።

«ለምን ታንቀዋለህ?»

«ምኑን?»

«ቆዳውን ነዋ! ብራና የሚወጠረው ጸጥ ብሎ እንዲጻፍበት ነው። ከበሮም ከላይ ስለሚመታ ነው። ይህ ከውስጥ የሚገፋ ነገር አለው፤ መተንፈስ ይፈልጋል። አንገቱን አንቀህ ይዘህ ተናገር ትለዋለህ?» ከዚያ እንደመባነን አሉና፣ «እኔ ደግሞ ምን አገባኝ» ብለው ሄዱ።

መዶሻዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የሚተነፍስ ቆዳ የት አለ? አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ወናፍ። የብረት ቀጥቃጭ እሳቱን የሚያናፋበት ለስላሳ የፍየል ቆዳ። እሱ ደግሞ ያለው ቀጥቃጩ አያ ይመር ቤት ነው።

ያኔ የመሪጌታ ልጅ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ አይቀመጥም ነበር። ማረሻ የሚያሠራ ሰው ከአጥር ውጭ ሆኖ ይጣራል፤ ተቀብሎ ይሄዳል። ቡዳ ነው ይባላላ! በእሱ ማረሻ አርሶ በልቶ፣ እሱን ሲያይ አፉን የሚሸፍን አገር ነበር። ዛሬም ጨርሶ አልተወንም፤ ማፈር ያለብን በዚህ ነው።

አያ ይመር ከእሳቱ ቀና ብሎ አየኝ። «ትገባለህ ወይስ እንደ ሌላው ከአጥር ላይ ትጮሃለህ?»

«እገባለሁ።»

«እበላሃለሁ።»

«ከበሉኝማ ከአጥንቴ በስተቀር የሚያገኙት የለም፤ ፆም ነው» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀና የስንዴ ንፍሮ በቁና አቀረበልኝ። አንድ ላይ በላን። የፈለግሁትን ስነግረው የተቀደደ አሮጌ ወናፍ ከጣሪያ ሥር አውርዶ ሰጠኝ። ቆዳው ለዓመታት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ኖሮ እንደ ሻሽ ለስልሷል፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። በለውጡ የመዶሻ እጀታ ቀረጽኩለት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። አባቴ እንዳዩኝ ጠየቁኝ።

«ቀጥቃጭ ቤት ዋልክ አሉ።»

«ዋልኩ።»

«በላህ?»

«ንፍሮ በላሁ።»

ትክ ብለው አዩኝ። እኔም ዓይኔን ከዓይናቸው አላነሣሁም። ከዚያ፣ «ቆዳው ለስላሳ ነው?» አሉኝ።

«ለስላሳ ነው።»

አባቴ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

የወናፉን ቆዳ ሳልወጥር፣ ትንሽ እጥፋት ትቼለት ዙሪያውን አጣበቅሁት። ወረቀቱን በጣቴ ስገፋው ገባ፤ ስለቀው ተመለሰ። ሳጥኑ ራሱ እንዳይጮህ በውስጡ የበግ ጠጉር ጎሰጎስኩበት። ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁሉም ዝግጁ ነበር።

እናቴ ገበታውን አቅርባ፣ «ሽሮው ይቀዘቅዛል» አለች።

«ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ የልጅሽ ሳጥን ይናገር» ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ካሴቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ደርዳሪው ስሙን አልተናገረም። በገናው ሲጀምር መሬቱ በእግሬ ሥር ተሰማኝ። ጅማቱ ሲነዝር፣ ጣቱ ጅማቱን ሲለቅ፣ ሰውየው ለማዜም አየር ሲስብ ሁሉ ይሰማል። ካሴቱ ሲያልቅ አባቴ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ሰውየው ጉንፋን ይዞታል» አሉ።

የተሳለቁብኝ መሰለኝ። «የቱ ሰውዬ?»

«ደርዳሪው። አፍንጫው ተዘግቷል። መልሰው፤ ስማው።»

መለስኩት። እውነት ነው! ካሴቱን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ይህን አንድም ጊዜ አልሰማሁም። ሰውየው ታፍኗል፤ በስንኞቹ መካከል አፍንጫውን ሳብ ያደርጋል።

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሳጥንህን አልወደድኩትም። ወደፊትም አልወደውም። ነገር ግን የሰውየውን ጉንፋን ያልደበቀ ሌላም አይደብቅም። አይዋሽም። ይቀመጥ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አልኩ። ቃሉ ሳላስበው ወጣ። አባቴ ወደ እናቴ ዞር ብለው፣ «በይ ሽሮውን አቅርቢ» አሉ።

አባቴ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ኮንደንሰሮቹ ሲደርቁ በተሻሉ ቀይሬያቸዋለሁ። ቴፑም በደህና ተለውጧል። የአያ ይመር ቆዳ ግን ዛሬም እዚያው አለ፤ ከክረምት በኋላ ዘይት በጨርቅ እነካካዋለሁ። የልጅ ልጆቹ ሲያልፉ ቤቴ ገብተው ይቀመጣሉ እንጂ ከአጥር አይጣሩም።

ትርሲት ያንን ካሴት ስልኳ ላይ ቀድታዋለች። በዚያች በብርቱካኗ አሰማችኝ። ሰውየው ጤነኛ ነው። ከዚያ በሳጥኖቹ አሰማኋትና፣ «ምን ሰማሽ?» አልኳት።

ልጄ በጥሞና አዳመጠች። «አባዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ልዩነቱ አይሰማኝም።»

በበዓል ቀን ልታስደስተኝ ብላ መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም። ደስ አለኝ፤ ደስ እንዳለኝ ግን አልነገርኳትም።

«ታዲያ ያወጧቸዋል?» አለችኝ።

«ስሞት ለማገዶ ውሰጂያቸው፤ እንጨቱ ደረቅ ነው። እስከዚያ አይወጡም።»

ብርቱካኗን አልመለስኩላትም፤ ስጦታ አይመለስም። ከአንደኛው ሳጥን አናት ላይ ተቀምጣለች። ትርሲት ከሄደች በኋላ ካሴቱን እንደገና ከፈትኩት። ሰውየው ዛሬም ጉንፋኑ አልለቀቀውም።