ለዋሻው ካሜራ የመረጡልኝ ጋሽ ሰይድ

በኒውላንድ ሰፈር የፎቶ ቤትና የካሜራ ሱቅ ባለቤት የነበሩት ጋሽ ሰይድ ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ተፈጽሟል። ለመታወቂያ፣ ለሠርግና ለምርቃት አገጫችንን ቀና አድርገው ያነሱን ሁላችን አዝነናል። እኔ ግን የራሴ ሐዘንም አለኝ።

የማጃንግ ልጅ ነኝ፤ አማርኛን የተማርኩት አድጌ ነው። አባቴ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር አንድ ክረምት የከረሙበት ዋሻ መቲ ከተማ አጠገብ ጫካ ውስጥ አለ። እግራቸው ደክሞ ዓይናቸውም እየፈዘዘ ሲሄድ «ያን ቦታ ሳላይ ሊጨልምብኝ ነው» ይሉ ጀመር። በፎቶ ላሳያቸው ብዬ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ምላሴ ያኔ «ዋ»ን ከ«ው» በደንብ አይለይም ነበርና «የውሻ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

«ትልቅ ነው?» አሉኝ።

«በጣም። ሃያ ሰው ይይዛል።»

እርሳቸውም ለደኅንነቴ ሠግተው ከሩቅ አቅርቦ የሚያነሳ ካሜራ ሰጡኝ። መቲ ደርሼ ተመለስኩ፤ ፎቶው ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ጋሽ ሰይድ አንድ በአንድ አዩና «ውሻው ጥቁር ነው እንዴ ልጄ?» አሉ። ነገሩ ሲገባን እንባ እስኪወጣን ሳቅን። የአባቴን ጉዳይ ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ለምን እንደፈለግሽው ሳልጠይቅ ሰጠሁሽ» አሉ።

ካሜራውን መልሰው ሌሎች ሦስት ደረደሩልኝ። «ለዋሻ የሚሆነው ያለችውን ትንሽ ብርሃን የሚሰበስብ ነው» አሉኝ። ከዚያም ዓይኔን አስጨፍነው ቁልፎቹን በጣቴ ዳስሼ እንዳገኝ አደረጉኝ። ሁለቱ አደናገሩኝ፤ ሦስተኛውን መረጡልኝ። እሱንም ቢሆን አላመኑትም። ሱቃቸውን ዘግተው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ጭቃውን እየረገጡ ዋሻው ድረስ አብረውኝ ገቡ። ባትሪ እያበሩልኝ «ትንፋሽሽን ወደ ጎን አድርጊ፣ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። ተጭነሽ ጠብቂ፤ ዋሻ አይቸኩልም» ይሉኝ ነበር። ዛሬ መምህር ሆኜ ለተማሪዎቼ የማሳየው ትዕግሥት ከእርሳቸው የተማርኩት ነው።

ጋሽ ሰይድ፣ ፎቶውን በትልቁ አጥበው ሲሰጡኝ «አባትሽ ያሉትን መጥተሽ ንገሪኝ» ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ ልነግርዎ ስመጣ ደጅዎ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። እንግዲህ እዚህ ልንገርዎ። አባቴ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስደው አፍንጫቸው እስኪነካው አስጠጉት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «እናቴ እዚህ ነበር የምትቀመጠው» አሉ። ያነሳነው እኔና እርስዎ መሆናችንን ስነግራቸው ስምዎን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በጸሎታቸው ሊያነሱዎት። በሰላም ይረፉ ጋሽ ሰይድ። አባቴ አይተውታል።