ዓይን የለመደው ጭስ

ከባሮ ወንዝ ዳር ወደ ዓሣ ማድረቂያ የጭስ ጎጆዬ የምታወጣውን ዳገት ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳፋ ሙሉ ዓሣ በራሴ ተሸክሜ ወጥቻታለሁ። አንድም ቀን መሀሏ ላይ ቆሜ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ቆምኩ። አየሩ አለ፣ ወደ እኔ ግን አልገባ አለ።

ከኋላዬ ኛቦል ነበረች። እሷም ዓሣ በጭስ አድርቃ ትሸጣለች፤ ጎረቤቴም ተቀናቃኜም ናት።

"አሪየት፣ ዓሣው ወደ ወንዙ እየጎተተሽ ነው?" ብላ ሳቀች።

ዞር ስልና ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ምንም ሳትል ሳፋውን ከራሴ አወረደችልኝ። እኔ ደግሞ ኛቦል ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። ያኔ ፈራሁ።

ሥራውን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። ከሁለተኛ ክፍል አቋርጬ ወደ እሷ ስመጣ በመጀመሪያው ቀን አምባዛ ዓሣ በጀርባው መሰንጠቅ፣ ጨው ማሸት፣ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር አሳየችኝ። ከዚያ የጎጆውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በጆንያ አስደፈነችኝ።

"ጭሱ ካመለጠ ዓሣው በምን ይደርቃል?" አለች።

ዓሣውን ለማገላበጥ ውስጥ ገብቼ እያለቀስኩ ስወጣ "ዓይንሽ ይለምዳል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዓይኔ ለመደ። ሳንባዬን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ከዳገቷ ቀን በፊት ሳሉ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ጠዋት ጠዋት አክታ፣ ትንሽ ስራመድ ድካም። ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ "ጭስ ነው" እላለሁ። በልቤ ግን ቲቢ ነው ብዬ ቆርጫለሁ። ዓሣ ሻጯ ቲቢ አለባት ከተባለ ከኢታንግ የሚመጡት ነጋዴዎች በደጄ አያልፉም። ስለዚህ ሳሉ ሲመጣብኝ ከጎጆው ጀርባ ሄጄ እስላለሁ። ልጄ አኬሎ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እንዳይዛት ብዬ ኩባያዬን ደበቅኩ፣ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

"ነገ ዓሣ የለም፣ ሐኪም ቤት ነው" አለች ኛቦል እዚያው ዳገቷ ላይ።

"ደንበኞቼስ?"

"እኔ እወስዳቸዋለኋ!"

"አሃ፣ ለዚህ ነው የቸኮልሽው!"

"አንቺ ከሞትሽ ከማን ጋር ልጣላ ታዲያ?"

በባጃጅ ሄድን። ቲቢ ነው ብዬ እንደምፈራ መንገድ ላይ ነገርኳት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። "እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?" አለኝ።

"እኔ? የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነኝ!" ብዬ ተቆጣሁ።

"ከሲጋራ የባሰ ነው ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ የታፈነ ጎጆ ውስጥ ጭስ ትጠጣለች" አለች ኛቦል።

አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ ጣቴን የምትቆነጥጥ መሣሪያ አደረጉልኝ፣ ቧንቧ በኃይል እንድነፋ አደረጉኝ። ውጤት እስኪደርስ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። የማስበው አኬሎን ብቻ ነው።

"ቲቢ የለብዎትም" አለ ሐኪሙ። "ልብዎም ደህና ነው። የአየር ቧንቧዎ ነው የጠበበው፣ ከጭሱ የተነሣ።"

ኛቦል በሳቅ ወንበሩ ላይ ተጣጠፈች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ጭስ ነው እያለች የዋሸችው ውሸት እውነት ሆነ!"

እኔም ሳቅኩ፣ ሳል እስኪያቋርጠኝ። ሐኪሙ ግን አልደበቀኝም። የተጎዳው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰድኩና ከጭሱ ከራቅሁ ግን ትንፋሼ ይቀልልኛል አለ። የባዶ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቀድዶ ወደ አፍ የሚነፋውን መድኃኒት ሰካበት፤ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብዬ እየሳብኩ ትንፋሼን መያዝ አስተማረኝ።

"ሥራዬን ልተው ነው?" አልኩት።

"ዓሣውን አይተዉ። ጎጆው ውስጥ አይግቡ እንጂ።"

ለአኬሎ ስነግራት አለቀሰች፣ ከዚያ ስለ ኩባያው በደንብ ተቆጣችኝ። በማግስቱ የጎጆውን አንድ ግድግዳ አብረን አፈረስን። ርብራቡን እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ የሚወጣ አድርጌ አሠራሁት፤ ዓሣውን ውጭ ቆሜ አገላብጣለሁ። ጭሱ የሚበዛውን እርጥብ እንጨት ማንደድም ተውኩ። ዓሣው ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይደርቃል። ኛቦል ሳምንት ሳይሞላ የእኔን አይታ ሠራች፣ "እኔ ነኝ ያሰብኩት" ትላለች።

በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ተመርመሩ። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ዕድሜ ነው አትበሉ። ጭሱን ከሰው አርቁት። መድኃኒቴን በየቀኑ እወስዳለሁ፣ በቀጠሮዬ እሄዳለሁ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ። ደህና ነኝ።