ሐጂ ኡበይደላ ያልሞቱበት ቅዳሜ

ዘርፉ ደራ ተወልዳ፣ በጋብቻ አዳማ ገብታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊነት ስትሠራ ድምጿ ከቢሮዋ በር አልፎ አያውቅም ነበር። ስም ዝርዝር ትተይባለች፣ ማህተም ትመታለች፣ ሰው ሲቆጣት «እሺ» ትላለች። በአርባ ሰባት ዓመቷ ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ ከኮረብታው ሥር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊሠራ ለመጣው ፕሮጀክት የማኅበረሰብ ግንኙነት ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ሰማችና አመለከተች። ተቀጠረችም! ራሷ እንኳ ሦስት ቀን አላመነችም።

ቦዩ የሚያልፈው በገዛ ሰፈሯ ነው። ባለፈው ሐምሌ የወረደው ጎርፍ ፍራሿን አንሳፍፎ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝቶታል። ስለዚህ ነገሩ ለዘርፉ እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ የሚመጣውን ክረምት በደረቅ አልጋ የማሳለፍ ጉዳይ ነው።

ኢንጅነር አዶኒያስ፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ትሁት ወጣት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ሠንጠረዥ ሰጣት። ከላይ «ባለድርሻ አካላት» ይላል፤ ከሥሩ ማን፣ ምን ይነገረው፣ መቼ፣ በምን መንገድ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ዘርፉ ሠንጠረዥ ትወዳለች። ቁጭ ብላ እንደ ጥልፍ አሳምራ ሞላችው። ቦዩ አጥራቸውን ለሚነካባቸው ሃምሳ ሁለት አባወራዎች የሚነሳውን ገልጾ ለስብሰባ የሚጠራ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ፣ ለቀበሌው ሰሌዳ ማስታወቂያ፣ ለወጣቱ የቴሌግራም ግሩፕ። ምን ይጎድላል?

በስብሰባው ቀን ሦስት ሰው መጣ። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ፣ ሁለተኛው ዘይት ይታደላል ብሎ፣ ሦስተኛዋ ጎረቤቷ እትዬ ወርቅውሃ፣ «ብቻሽን እንዳትቀመጪ ብዬ ነው እንጂ ምን አውቄ» እያሉ። ማስታወቂያውን የአዳማ ንፋስ ከወሰደው ቆይቷል። በቴሌግራሙ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ያገለገለ ሶፋ ይሸጥበታል።

«እትዬ ዘርፉ፣» አላት አዶኒያስ ሐሙስ ዕለት፣ «ቦይ መሀል ላይ አይዘልም። ሃምሳ ሁለቱም መስማማታቸውን ካልፈረሙ ቁፋሮ የለም። እስከ ቅዳሜ ማታ ካላለቀ ሰኞ ማሽኑ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለዚህ ክረምት አይደርስልንም።»

እስከዚያች ሰዓት የፈረሙት ዘጠኝ ናቸው። ቤት ለቤት ስትዞር መልሱ አንድ ነው፦

«ሐጂ ፈርመዋል?»

«ገና ናቸው።»

«በይ እሳቸው ሲፈርሙ ነይ።»

ሐጂ ኡበይደላ መታጠፊያው ላይ ያለው የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እህሉን ይዞ በረንዳቸው ላይ ተራ ሲጠብቅ ነው ወሬውን የሚያበጥረው። በዘርፉ ሠንጠረዥ ላይ ግን ሠላሳ ሰባተኛ ረድፍ ላይ ነበሩ፤ «በደብዳቤ» ተብለው። ደብዳቤውን በዘበኛ ልካላቸዋለች። እውነቱን ለመናገር ሐጂን ትፈራቸዋለች።

ዓርብ ሲመሽ ጋሽ አብተው ትዝ አሏት። ጋሽ አብተው የእድሩ ለፋፊ ናቸው። በዚያ ሰፈር ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ እድር ነው፤ እሳቸው ጎህ ሲቀድ ጥሩንባቸውን ከነፉ አልጋው ላይ የሚቀር ሰው የለም።

«ጋሽ አብተው፣ ነገ ጠዋት ሐጂ ወፍጮ ቤት ደጅ ስብሰባ አለ ብለው ይልፈፉልኝ።»

«ሰው ሳይሞት?»

«ጥሩንባውን አይንፉማ! በአፍዎ ብቻ።»

«ልጄ፣ ጥርሴ አልቆ በአፌ ማን ይሰማኛል?» አሉ። ግን ደግ ሰው ናቸውና እሺ አሏት።

ቅዳሜ በማለዳ ወጡ። የመጀመሪያውን መንደር በአፋቸው ለፈፉ፤ ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው የአርባ ዓመት ልማዱን ይዞ ጥሩንባዋን ከብብታቸው አወጣት፤ ነፍተውም «ሐጂ ወፍጮ ቤት ደጅ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ምን ይነገራል! ሴቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ ወንዱ ጋቢውን እየደረበ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጎረፈ። ቢደርሱ ወፍጮው ዝግ ነው። ቅዳሜ ቀን ሐጂ ወፍጮ ዘግተው አያውቁም። ሌላ ማስረጃ ማን ፈለገ? አንዷ «ወይኔ ሐጂ!» ብላ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት። የእድሩ ጎልማሶች ድንኳኑን ተሸክመው መጥተው ሁለቱን ቋሚ ተክለው ጨረሱ። ዘርፉ ፊርማ መቀበያዋን ታቅፋ ስትደርስ ለቅሶው ደምቋል።

በዚህ መሀል አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ከውስጡ ሐጂ ኡበይደላ፣ አዲስ የወፍጮ ቀበቶ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው፣ ወረዱ። አሮጌው ትናንት ማታ ተበጥሶባቸው ሊገዙ ሄደው ነበር።

«አካም ቡልታኒ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ምነው ምነው?» አሉ አንገታቸውን ደፍተው፤ ለቅሶ ላይ እንደደረሰ ሰው። «ማነው የሞተው?»

የሚያለቅሱት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«እናንተ ሰዎች፣ ማነው?»

እትዬ ወርቅውሃ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እርስዎ ነዎት ሐጂ» አሉ።

«እኔ? መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት ነዋ!»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ድንኳን ተካዮቹ ገመዱን ለቀው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«ለመሆኑ ማን ገደለኝ?»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ አብተው ዞረ፤ የጋሽ አብተው ዓይን ወደ ዘርፉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ጎንበስ አለች።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስብሰባ ልጠራ ብዬ ነው። ደብዳቤ ብልክ የሚመጣ ጠፋ።»

«ደብዳቤ?» አሉ። «ዘርፉ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርበሬሽን ፈጭቻለሁ። ልጅሽን ስትድሪ ደጄ ድረስ መጥተሽ ጠራሽኝ፣ መጣሁልሽ። በረንዳዬን ልትወስጂ ስትይ ግን በዘበኛ ወረቀት ሰደድሽብኝ!»

ሳቁ ቆመ። ያሉት እውነት ነዋ።

«በይ እንግዲህ፣» አሉ ሐጂ፣ ቀበቶውን እንደጠመጠሙ ከድንኳኑ ጋር የመጣው አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጡ፣ «ሕዝቡም ተሰብስቧል፣ እኔም ሞቻለሁ። ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

ወረቀቷን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። የድንኳኑን ረጅም ገመድ አነሳችና አንዱን ጫፍ ለአንድ ጎልማሳ ሰጥታ፣ ሌላውን ራሷ ይዛ ቦዩ በሚያልፍበት መስመር ሄደች። ካስማ እየተከለች፣ ሕዝቡ እየተከተላት። «እዚህ ጋ ቁልቋሉ ይነሳል። እዚህ ጋ አጥሩ አንድ እርምጃ ከግማሽ ይገባል። ቤት አይነካም፤ እዩት!»

«ይኸው ነው?» አለ ድምፁ የሻከረ ጎረቤት። «እኔ እኮ ማድ ቤቴን የሚያፈርሱ መስሎኝ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ!»

«ወረቀቱ ላይ 'ይነሳል' ሲል ከነነፍሳችን መስሎን!» አለች አንዷ።

ያችን ድምፅ የሌላት ጸሐፊ ቢያዩአት! ከታች መንደር እስከ ላይ ስትናገር ተሰማች። ቀትር ላይ ሃምሳ አንድ ፊርማ ሞላ።

የቀሩት ሐጂ ናቸው። ገመዱ በረንዳቸውን ለሁለት ቆርጦታል።

«በረንዳው ይሁን፣» አሉ ቀስ ብለው። «እህል የጫነ አህያ ግን ቦዩን በምን ይሻገራል? በሬ ፊት ድልድይ ትሠሩልኛላችሁ?»

«አዎ በያቸው!» ብለው እትዬ ወርቅውሃ ክንዷን ቆነጠጧት። ሕዝቡም አዎ እንድትል በዓይኑ ይገፋታል።

«አላውቅም ሐጂ፣» አለች ዘርፉ። «በሌለኝ ሥልጣን ቃል አልገባልዎትም። ጠይቄ፣ እምቢ ቢሉም እንኳ፣ ሳይመሽ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«ኤጭ!» አለ ሕዝቡ። ሐጂ ትክ ብለው አዩዋት።

«ሂጂ» አሉ።

አዶኒያስ ቢሮው ውስጥ የቦዩን ንድፍ ዘርግቶ ራሱን አከከ። መሻገሪያው ከወፍጮው ብዙ ርቆ ነው የተነደፈው፤ ሌላ መጨመር አይችልም። ዘርፉ አልተነሳችም። አንድ ሰዓት ሙሉ የአህያን ነገር ስታስረዳው ቆየች። በመጨረሻ፣ «በሩ ፊት የውሃ ቧንቧ አለ፣ አይሆንም። ወፍጮው ጥግ ድረስ ግን ላመጣው እችላለሁ» አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐጂ ደጃፍ ቆማ፣ «ቤቶች!» አለች። ሲወጡ ሳትለሳልስ ነገረቻቸው። «በርዎ ፊት አይሆንም። ጥጉ ላይ ይሆናል። አህያው ሰባት እርምጃ ያህል ይዞራል።»

ሐጂ ከበሩ ተነስተው ወደ ጥጉ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እየቆጠሩ። ተመለሱ።

«ዘጠኝ ነው።»

«እንደ አህያው ነው ሐጂ» አለች፣ ከአፏ አምልጧት።

ጠዋት ያልሳቁት ሰውዬ አሁን ሳቁ። የቀኑን ሁሉ አጠራቅመው፣ የበረንዳቸውን ምሰሶ ተደግፈው ሳቁ። «እስክሪብቶ አምጪ፣» አሉ፣ «ሞቼ ከምፈርም በቁሜ ይሻላል።» በዱቄት የነጣ እጃቸውን ጠርገው ሃምሳ ሁለተኛው መስመር ላይ ስማቸውን ጻፉ።

ዘርፉ መንገድ ላይ ሆና ለአዶኒያስ ደወለች።

«አልቋል! ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት? ሰዓቱን በትክክል ንገረኝ፣ ከየትኛው በር እንደምትጀምሩም።»

«ምነው እትዬ ዘርፉ፣ በቴሌግራም እለቀዋለሁ እኮ።»

«ልቀቀው፣ ክፋት የለውም፣» አለችው፣ ወደ መጀመሪያው አጥር እየተጠጋች። «እኔ ግን ሃምሳ ሁለት በር አለብኝ። ንገረኝ ቶሎ፣ አንደኛው ደጃፍ ደርሻለሁ።»