ምንም የሚታደስ ነገር የለም

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አሶሳ ስመጣ የተረከብኩት አንድ የክፍል ቁልፍ፣ አንድ የማይዞር ቬንትሌተርና አንድ ሰርቨር ነበር። ሰርቨሩ በክልሉ የሠለጠኑ መምህራን የትምህርት ማስረጃ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው፤ የሚሠራው ሊነክስ በሚባል ኮምፒውተሩን በሚያዝ ሶፍትዌር ነው፣ ሊነክሱም ያረጀ ነው። ማስረጃውን የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፈው ባለሙያ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሥራ ለቆ ሄዷል። ፕሮግራሙ ደግሞ በዚያ አሮጌ ስሪት ላይ ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። በአዲስ ስሪት ሞከርኩት፣ አሻፈረኝ አለ። የማስረጃዎቹን ቅጂ በሌላ ዲስክ ይዣለሁ፤ ቅጂውንም ቢሆን የሚያነበው ያው ፕሮግራም ብቻ ነው።

ሊነክስ በየጊዜው ጥገና ይላክለታል። ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ሠሪዎቹ መድፈኛውን በኢንተርኔት ይልካሉ፣ እኔም ተቀብዬ እጭናለሁ። ታዲያ ለእያንዳንዱ ስሪት ዕድሜ ተቆርጦለታል። የእኛው ስሪት ዕድሜ ሲያልቅ መድፈኛው መምጣቱ ቆመ። ቀዳዳ መገኘቱ ግን አልቆመም።

ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው፣ የሚያስቅ ከሆነ። ሰኞ ሰኞ የሚታደስ ነገር እንዳለ ሰርቨሩን እጠይቀዋለሁ። እሱም «ምንም የሚታደስ ነገር የለም» ብሎ ይመልስልኛል። እውነቱን ነው፤ የሚልክ በሌለበት ምን ይታደስ? ኃላፊዬ ይህን መልስ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አነበቡና ደስ አላቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ተንኮል የለባቸውም። በሪፖርታቸው ላይ ሰርቨሩ መቶ በመቶ ታድሷል ብለው ጻፉ። አዲስ ማሽን ይገዛ፣ ፕሮግራሙን እንደገና የሚጽፍ ሰው ይቀጠር እያልኩ ባመለከትኩ ቁጥር መልሱ ያው ሪፖርት ሆነ። ሰርቨሩ እንዲህ ማለቱ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም ብል፣ ብል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። በግምገማው ቀን ክፍላችን ሞዴል ተብሎ ተጨበጨበልን። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ምን ላድርገው?

ከዚያ ወዲያ ጥገናውን ራሴ ገባሁበት። ለአዲሶቹ ስሪቶች የተሠራውን መድፈኛ እያወረድኩ ለአሮጌው እንዲሆን አስተካክል ጀመር፤ የታላቅን ሱሪ ለታናሽ እንደሚያሳጥር ልብስ ሰፊ ማለት ነው። አንዳንዱ ይገጥማል። አንዳንዱ እዚህ ሲገጥም እዚያ ይተረተራል። መብራት ሲሄድ የጀመርኩትን ከሥሩ መድገም ነው። በማንጎ ወቅት ደግሞ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ዷ ባለ ቁጥር ሰርቨሩ የፈነዳ እየመሰለኝ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ።

በመጨረሻ የማልሰፋው ቀዳዳ መጣ። ታገልኩት፣ አቃተኝ። የኔትወርኩን ገመድ ነቀልኩት።

ሌባ አይገባም፤ ማስረጃም አይወጣም። ሐሰተኛ ወረቀት ስለበዛ፣ ማስረጃ ወይ ወደ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ሲስተም በኔትወርክ ተልኮ ይረጋገጣል ወይ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ፈርሞ የታሸገ ፖስታ ይወስዳል፤ ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ሁሉም በአካል ይምጣ አልን። ለቅርቡ ለባምባሲ ሰው ቀላል ነው። የሩቁ የካማሺው እየተራገመ ይመጣል።

አንድ ቀን ከድባጤ አንዲት መምህርት ደወለች። በዚያ ክፉ የግጭት ጊዜ ቤቷ ከነወረቀቷ ተቃጥሏል። ተፈናቅላ ቆይታ ወደ ቀዬዋ ተመልሳለች፤ ክፍል እንድትገባ ግን መጀመሪያ ማስረጃዋ ይረጋገጥ ተብላለች። እንደ ሁሉም ሰው በአካል ነይ አልኳት። አልተቆጣችም።

«ወንድሜ፣ መንገድ ቢኖርማ ያኔ ወረቀቴን ይዤ እወጣ ነበር» አለችኝ።

ድባጤና አሶሳ አንድ ክልል ይባሉ እንጂ መሃላቸው ዓባይ ነው፤ ዞሮ የሚመጣውም መንገድ ያን ሰሞን ተዘግቶ ነበር። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ገመዱን መልሼ ሰካሁት። የስንቱን መምህር ልፋት ለአንዲት ሴት ብዬ ሜዳ ላይ ማስጣቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማስረጃዋን ላክሁ። ወዲያ ማዶ ማስረጃ የሚያረጋግጠው አዲሱ ሲስተም አልቀበልም አለ። ደግሜ ላክሁ። የመጣው መልእክት አጭር ነበር፤ የእናንተ ሰርቨር ማንነቱን የሚያሳይበት የምስጢር ቁልፍ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ አይታመንም ይላል። ሌባ ይገባብናል ብዬ ስሰጋ ኖሬ፣ በሩን ስከፍተው ለካ የሚያናግረን እንኳ የለም። ገመዱን ነቀልኩና ደወልኩላት።

ሁሉንም ነገርኳት። «ስሜ ግን አለ?» አለች።

አለ አልኳት። ከስክሪኑ ላይ ውጤቷን አንድ በአንድ አነበብኩላት፤ ሒሳብ፣ የልጆች ሥነ ልቦና፣ የማስተማር ልምምድ። ልምምዱ ላይ ኤ ማግኘቷን ስትሰማ ሳቅ አለች። «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ቀሪውን ተወችው። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

«እሺ፣ መንገዱ እስኪከፈት እንዳይጠፋ አድርገህ ያዝልኝ» አለችኝ።

«አይጠፋም» አልኳት።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ሰርቨሩን ጠየቅሁት። ምንም የሚታደስ ነገር የለም አለኝ። ኃላፊዬ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አነበቡና «ጎበዝ» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።