ያላነበብኩት መጠቅለያ

ሆጤ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ብርጭቆ አሽግ ነበር። ጭድ ርካሽ ነው፤ ግን ክረምት ላይ ይርስና ይተኛል፣ ብርጭቆው እርስ በርሱ ይጋጫል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ በጆንያ የሚመጣውን አሮጌ ወረቀት እመርጥ ነበር፦ የተማሪ ደብተር፣ ያለፈ የምርጫ ቅስቀሳ፣ የፋብሪካ ቅጽ። እውነቱን ለመናገር፣ የመረጥኩት ለማንበብም ነው። ግጥም መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ጆንያ ነው።

"ባለቅኔው፣ አንብበህ እስክትጨርስ ደንበኛው ይሸብታል" ትለኛለች የሱቁ ባለቤት።

አንድ ቅዳሜ ከቢስቲማ የመጡ ሽማግሌ ለልጃቸው ኒካህ ሦስት ደርዘን የሻይ ብርጭቆ ገዙ። አውቶቡሱ ሊያመልጣቸው ስለነበር ሳላነብ ጠቀለልኩ፤ ካርቶኑን በሲባጎ አስሬ ሸኘኋቸው።

ባለቤቲቱ የተረፈውን ወረቀት ስትሰበስብ ድንገት ቆመች። በእጇ ዳሩ የተበላ የዐረብኛ ገጽ ይዛለች።

"ያ ረቢ! ይሄኮ ቁርአን ነው። ስንቱን ጠቀለልክበት?"

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"የጨረታ ማስታወቂያ ሳይቀር የምታነብ ሰውዬ፣ ዛሬ አላውቅም?"

እንዲህ ያለ ገጽ ሲያረጅ ንጹሕ ቦታ ይቀበራል እንጂ አይጣልም። ካርቶኑ ግን አሁን የሰው እግር ስር ነው፤ ሰርግ ቤት ሲፈታ ደግሞ ወረቀቱ እሳት ሊገባ ይችላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ። አውቆ ነው ቢሉኝስ?

እስከ መናኸሪያ ሮጥኩ። የአውቶቡሱ ሞተር ተነስቷል።

"አባባ፣ ካርቶኑን ይፍቱልኝ!"

"ምን ደብቀህበት ነው?" አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ። ምክንያቱን ስነግራቸው ሳቁ ቆመ።

ሽማግሌው ካርቶኑን ከወለሉ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አንድ በአንድ ፈታን። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። ሁለት ገጽ ተገኘ። ሽማግሌው ስመው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"አውቀህ ነው?"

"በእመቤቴ፣ አላየሁም።"

ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ መጠቅለያቸውን ወዳጡት ሁለት ብርጭቆዎች ጠቆሙ።

"እና እነዚህ ራቁታቸውን ይሂዱ?"

ሹራቤን አውልቄ ጠቀለልኳቸው።

በሳምንቱ ረዳቱ ካርቶኑን ይዞልኝ መጣ። "ሯጩ፣ አንዱም አልተሰበረም ብለውሃል" አለኝ። ውስጡ ሹራቤ ታጥፏል፤ ከስሩ ወረቀቱ ሁሉ በእጅ ተስተካክሎ፣ በራሴ ሲባጎ ታስሯል። ባለቤቲቱ ተቀብላኝ፣ ዐረብኛ እንዳይኖርበት አንድ በአንድ አገላብጣ አየችው።

"ጠቅልልበት" አለችኝ።