ከጌጃ ሰፈር ወሊሶ፤ በችኮላ የጫንኩት ዳታቤዝ

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር

ዛሬ ከቤቴ የወጣሁት ራሴ ያበላሸሁትን ላስተካክል ነው። ወሊሶ ያለ አንድ ክሊኒክ የታካሚዎቹን ካርድ የሚያስቀምጥበትን ዳታቤዝ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የፕሮግራሙ አዲስ ቨርዥን በወጣ በሳምንቱ ጫንኩላቸው። በሰባ ዓመቴ ጫማ እንኳ ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ለክቼ ነው የማደርገው፤ ለሰው ሕይወት ግን አልዞርኩም።

ማለዳ የካርድ ክፍሏ አስቴር ደወለች። «ጋሼ፣ የአንዲት ሴት ካርድ ጠፋብን። እንደ ልማዳችን አዲስ ካርድ አወጣንላት። ትናንት መርፌ ተወግታ ራሷን ሳተች፤ ሆስፒታል ወስደዋታል። ሐኪሞቹ የድሮውን ካርድ ይፈልጋሉ።»

2 ሰዓት ተኩል፣ ቱሉ ቦሎ

ከአየር ጤና የተሳፈርኩት ለሦስት በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ነው። ከሰበታ በኋላ መንገዱ ተቦዳድሷል፤ ራሴ ጣሪያውን ሲመታ «ይበልህ» አልኩ ለራሴ። ቱሉ ቦሎ ላይ ሰው ሁሉ ለቁርስ ወረደ። የኔ ሻይ ቀዘቀዘ።

«አባባ፣ ፆም ነው እንዴ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት።

«የለም ልጄ፣ የጥጋብ ቅጣት ነው።»

4 ሰዓት፣ ወሊሶ

የሴትዮዋ ባል ነጠላዋን ክንዱ ላይ አድርጎ ካርድ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ካርዱ አልጠፋም ነበር። አዲሱ ቨርዥን ስሞችን የሚደረድርበት ቅደም ተከተል ተለውጦ፣ ፍለጋው ካርዱ በሌለበት ቦታ ይፈልግ ነበር። አስቀድሜ በካርዶቹ ቅጂ ላይ ብሞክረው ኖሮ አየው ነበር። ኮምፒውተሩ የስም ማውጫውን በአዲሱ ቅደም ተከተል እንደገና እንዲሠራ አደረግሁ። አስቴር የሴትዮዋን ስም ጻፈች፤ ካርዱ ወጣ። ከላይ፦ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት።»

«ትናንት የወጋናት እሱን ነው» አለች አስቴር፣ አፏን በእጇ ይዛ።

«አሮጌው ምን አጥፍቶ ነው የቀየራችሁት?» አለ ባልየው።

«ምንም» አልኩት። «አዲስ ስለወጣ ነው።»

የባልየው ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገው። «አረፈች» አለ።

11 ሰዓት፣ ልደታ

እቤት እንደገባሁ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ላለው ሌላ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ደወልኩ። ቅዳሜ ያንኑ ቨርዥን ልጭንላቸው ቀጠሮ ነበረን።

«አይጫንም» አልኩት። «ስህተቱ ቀድመው በጫኑት ሌሎች ዘንድ ታውቆ፣ ማስተካከያው መጥቶ፣ ቅጂ ላይ የሁሉንም ሰው ካርድ ፈልገን ካገኘን በኋላ ነው። ያኔም ወደ አሮጌው መመለሻ ይዘን።»

«ጋሼ፣ ኋላቀር ናችሁ ሲሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ዛሬ ፈሩ?»

«ፈራሁ። አንተም ፍራ።»

ከዚያ ስለ ሴትዮዋ ነገርኩት። «የኛን ቅጂ መቼ ይሞክሩልናል?» አለኝ።